ዲሴቢሊቲ ሲባል የትኛው?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው፤ አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ። ረከቦቱ ወደ ጥግ ተገፍቶ የምግብ ጠረጴዛውን ወረቀት ሞልቶታል። የእህታቸው ልጅ እንግሊዝኛውን እያነበበች በአማርኛ ትጠይቃለች፤ እሳቸው ወገባቸውን በትራስ ደግፈው ይመልሳሉ።

«ጋሼ፣ ምግብዎን ራስዎ ያዘጋጃሉ ወይ ይላል።»

«እኔ ወጥ ሠርቼ አላውቅም። አይ በይ።»

«አይ ካልኩ ለምን ብሎ ይከተላል። በሕመሙ ነው ወይስ ድሮም አይሠሩም ነበር?»

ትንሽ ዝም አሉ። «ቁርሴንማ እኔው ነበርኩ የምሠራው። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ታክሲ ለማውጣት ስነሣ ማን አብሮኝ ይነሣል? እንቁላል እጠብሳለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። አሁን ምድጃው ፊት አምስት ደቂቃ መቆም አልችልም፤ ግራ እግሬ ይደነዝዛል።»

«እሱን ነው የምጽፈው» አለችና ጻፈች።

ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁት እኚህ አባት 56 ዓመታቸው ነው። ከሚያዝያ 2024 የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ወዲህ መሪ አልጨበጡም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኛቸው ሁሉ «ዲሴቢሊቲ ግባ እንጂ» ይላቸዋል። አንዱ ዜጋ ካልሆኑ አይሰጥም ይላል። ሌላው ባንክ ውስጥ ከ2,000 ዶላር በላይ ካለዎት አይሞክሩት ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ጎረቤቱ ቤትም መኪናም ቁጠባም እያለው በየወሩ ይቀበላል ብሎ ይምላል። የሚገርመው አንዳቸውም አልዋሹም። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ተለያየ ድጋፍ ነው፤ በእኛ ሰፈር ግን ሁሉም በአንድ ስም ይጠራል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ማኅበረሰባችን አሁን ዕድሜው እየገፋ ነው። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ መጥቶ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ፣ ታክሲ ነድቶ፣ ሆቴል አጽድቶ ልጅ ያሳደገው ትውልድ ጉልበቱና ወገቡ እየከዳው ነው። ይህን ጉዳይ ተከታትዬ የደረስኩበት አንድ ነገር አለ፦ የትኛው ድጋፍ እንደሚገባዎት የሚወስነው በሽታዎ አይደለም። የሚወስኑት የሥራ መዝገብዎ፣ የመኖሪያ ወረቀትዎ፣ አብሮዎት የሚኖረው ሰው ገቢና በስምዎ ያለው ንብረት ናቸው። በሽታው የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ግን ከሐኪም ማስረጃ ይጀምርና ሌላውን ሳያይ ወራት ያቃጥላል።

ሁለቱ በር

ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት የተለያዩ የአካል ጉዳት ክፍያዎች አሉ። የመጀመሪያው ኤስኤስዲአይ የሚባለው ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 በፈረሙት ሕግ የመጣ ሲሆን ከደመወዝ በሚቆረጠው የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር የሚተዳደር መድን ነው። ሁለተኛው ኤስኤስአይ ነው። በፕሬዚዳንት ኒክሰን ዘመን፣ በ1972 ጸድቆ በጥር 1974 መከፈል የጀመረ፣ ገቢና ንብረት ለሌላቸው አረጋውያን፣ ዓይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የድጎማ ገንዘብ ነው።

ለአዋቂ ሰው የሁለቱም የሕክምና መስፈርት አንድ ነው፤ ጥብቅም ነው። ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ፣ አለዚያም ለሞት የሚያደርስ መሆን አለበት። በዚህ ምክንያትም ሰውዬው ረብ ያለው ሥራ መሥራት የማይችል መሆን አለበት። በ2025 ረብ ያለው ሥራ የሚባለው በወር ከ1,620 ዶላር በላይ የሚያስገኝ ነው፤ ለዓይነ ስውራን 2,700 ዶላር። የግማሽ ጉዳት ወይም የሦስት ወር ሕመም ክፍያ እዚህ የለም። «የቀድሞ ሥራዬን መሥራት አልችልም» ማለትም ብቻውን አይበቃም፤ ቀለል ያለ ሌላ ሥራ መሥራት ይችላሉ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ዕድሜ ትልቅ ቦታ አለው። 50 ዓመት ሲሞላ፣ ከዚያም 55 ሲሞላ ደንቡ ይላላል፤ መንግሥት በዚያ ዕድሜ አዲስ ሙያ መልመድ እንደሚከብድ ይቀበላል። እንግሊዝኛ አለመቻል ግን ከሚያዝያ 27፣ 2020 ወዲህ ለብቻው አይቆጠርም። ከዚያ በፊት እንግሊዝኛ መግባባት አለመቻል ከትምህርት ደረጃዎች እንደ አንዱ ይታይ ነበር። አሁን የሚታየው በየትኛውም ቋንቋ ቀላል መልእክት ማንበብና መጻፍ አለመቻል ብቻ ነው፤ አማርኛ አቀላጥፈው የሚጽፉ እናት ማንበብ የማይችሉ ተደርገው አይቆጠሩም ማለት ነው። የድሮውን ደንብ ይዞ የሚመክር ሰው ዛሬም ያጋጥማል።

የታክሲው ዓመታት

ወደ አሌክሳንድርያው ጠረጴዛ እንመለስ። የእህታቸው ልጅ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ትክክል ነበር። ማይ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን የኢንተርኔት መዝገብ በስማቸው አስከፍታ የሥራ ታሪካቸውን አተመች። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር፣ ከጎኑ የተመዘገበው ገቢ።

ኤስኤስዲአይ እንደ መኪና መድን ነው፤ ክፍያው ከቆመ ትንሽ ቆይቶ ሽፋኑም ይቆማል። የሚለካው ክሬዲት በሚባል ነገር ነው። በዓመት ከ4 በላይ አይገኝም፤ በ2025 አንዱ ክሬዲት የሚገኘው በ1,810 ዶላር ገቢ ነው፤ ስለዚህ 7,240 ዶላር የሠራ ሰው የዓመቱን አራቱንም ይሞላል። ዕድሜው 31 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በአጠቃላይ ለዕድሜው ከሚጠየቀው ድምር ሌላ፣ አካል ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት በነበሩት 10 ዓመታት ውስጥ 20 ክሬዲት ሊኖረው ይገባል። ወጣቶች ከዚያ ያነሰ ይጠየቃሉ፤ 24 ዓመት ሳይሞላው ለታመመ ልጅ በሦስት ዓመት ውስጥ 6 ክሬዲት ይበቃዋል።

የእኚህ አባት መስመሮች እስከ 2018 ድረስ ሙሉ ናቸው። ፓርኪንግ ውስጥ ተቀጥረው በደብሊው-ቱ ይከፈላቸው ነበር። ከ2019 ጀምሮ ታክሲ ሲነዱ ግን ቁጥሩ አሽቆለቆለ። ሥራው ቀንሶ አልነበረም፤ በቀን 12 ሰዓት መንገድ ላይ ነበሩ። ግን ነዳጁ፣ ጥገናው፣ የመኪናው ኪራይና ማይሉ ሁሉ ተቀናንሶ ታክሱ ላይ የሰፈረው የተጣራ ትርፍ ትንሽ ነበር። በ2019፣ በ2021፣ በ2022 እና በ2023 አንዳንድ ክሬዲት ብቻ፤ በወረርሽኙ ዓመት በ2020 ደግሞ ምንም።

ይህ የብዙ ታክሲና ኡበር ነጂዎች ታሪክ ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብሩን፣ 15.3 በመቶውን፣ ሙሉ በሙሉ ራሱ ይከፍላል፤ ስለዚህ ትርፉ ዝቅ ሲል ደስ ይለዋል። በ2025 መመዘኛ የተጣራ ትርፉ 3,000 ዶላር የሆነ ነጂ የሚያገኘው 1 ክሬዲት ነው። እንዲህ እያለ 10 ዓመት ቢነዳ 10 ክሬዲት ይዞ ይቀራል፤ ከሚፈለገው ግማሹ። ሕጋዊ ወጪን መቀነስ መብት ነው፤ ማንም አይከለክልም። የተቀበሉትን ጥሬ ገንዘብ አለማስመዝገብ ግን ከሕግ መጣሱም በላይ የራስን መድን መሰረዝ ነው። የተረሳ ገቢን ለማስመዝገብም ጊዜው አጭር ነው፤ ገቢው የተገኘበት ዓመት ካለቀ በኋላ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን። ታክስ የሚሠሩልን ወገኖች ለደንበኞቻቸው ይህን በግልጽ ቢነግሩ ብዙ ቤት ይድናል።

አሁን ስሌቱን ልብ ይበሉ። ከ2015 እስከ 2018 ያሉት አራት ሙሉ ዓመታት 16 ክሬዲት ናቸው። በታክሲው የተገኙት አራቱ ሲደመሩ 20 ይሞላል። ግን 2025 ሲገባ የ2015 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ከአሥር ዓመቱ መስኮት ወጣ። ቁጥሩ 19 ሆነ። ስለዚህ የእኚህ አባት መድን የተቋረጠው በታኅሣሥ 31፣ 2024 ነው።

ልጅቷ ይህን ስትደርስበት አንገቷን ደፋች፤ የምናወራው ስለ ጥቅምት 2025 ነውና። ነገር ግን ሕጉ የሚጠይቀው ማመልከቻው በገባበት ቀን መድን ነበረ ወይ ብሎ አይደለም። ሰውዬው መሥራት ያቃተው መድኑ ሳይቋረጥ ነው ወይ ብሎ ነው። እሳቸው መሪ የለቀቁት በሚያዝያ 2024 ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ሁሉ የሚወድቀው በ2024 የሕክምና ወረቀቶች ላይ ነው፦ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የፊዚዮቴራፒ ክትትል፣ የኤምአርአይ ውጤት። የዘንድሮ ምርመራ የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን የዚያን ዓመት ማስረጃ አይተካም። ማመልከቻው የተከለከለበት ሰው ሁሉ መድኑ የሚያበቃበት ቀን መቼ እንደሆነ ቢጠይቅ እመክራለሁ፤ ብዙዎች እንዲህ ያለ ቀን መኖሩን እንኳ አልሰሙም።

የጊዜው ነገር በዚህ አያበቃም። ኤስኤስዲአይ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሙሉ ወራት አይከፍልም፤ ኤኤልኤስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ላለበት ብቻ ይህ ቀርቷል። ለእሳቸው አምስቱ ወራት ከግንቦት እስከ መስከረም 2024 ናቸው፤ ክፍያ ሊጀምር የሚችለው ከጥቅምት 2024 ነው። ወደ ኋላ የሚከፈለው ደግሞ ማመልከቻው ከገባበት ወር 12 ወር ብቻ ነው። በጥቅምት 2025 ካመለከቱ አንድም ወር አይጠፋም። ኅዳር ከገባ አንድ ወር ይቀራል፣ ታኅሣሥ ከገባ ሁለት። ያን እሑድ ወረቀቱ በጥድፊያ የተሞላው ለዚህ ነበር። ከተፈቀደላቸው ከ18 ዓመት በታች ያለችው ልጃቸውም በአባቷ መዝገብ ልታገኝ ትችላለች። ሜዲኬር የሚጀምረው ግን ክፍያው ከጀመረበት ወር ተቆጥሮ 24 ወር ሲሞላ ነው።

ቤት፣ እቁብና ኮንዶሚኒየም

የሥራ መዝገቡ ያልሞላለት ሰው ወደ ሁለተኛው በር ይሄዳል። መዝገቡ የሞላለትም ቢሆን ክፍያው ትንሽ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል። በ2025 የኤስኤስአይ ሙሉ ክፍያ ለአንድ ሰው በወር 967 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 1,450 ዶላር ነው። በኤስኤስዲአይ 600 ዶላር የሚያገኝ፣ ሌላ ገቢና ንብረት የሌለው ሰው፣ 20 ዶላሩ ይተውለትና 580ው ከ967 ይቀነሳል፤ 387 ዶላር ይጨመርለታል። ስለዚህ ሲያመለክቱ ለሁለቱም ነው የሚባለው።

ኤስኤስአይ ግን ቤት ይፈትሻል። የተፈቀደው ንብረት ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው። ይህ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ አልተነካም፤ የዳቦ ዋጋ ስንት እጥፍ ሲሆን ምስኪኑ ሰው ለክፉ ቀን እንዳይቆጥብ የሚቀጣ ደንብ መሆኑን ሳልናገር አላልፍም። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። የትዳር ጓደኛ ደመወዝ ይቆጠራል።

ለእኛ ሰው አደጋው ያለው ፎርሙ ላይ በስም ያልተጻፉ ነገሮች ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም በስምዎ ከሆነ የማይኖሩበት ቤት ነውና ንብረት ሆኖ ይታያል፤ ከውቅያኖስ ማዶ መሆኑ አያስቀረውም። እቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ባንክ አስገብቶ ወሩ ከተለወጠ፣ የሚታየው በወሩ የመጀመሪያ ቀን በሒሳቡ ያለው ነው። የእቁብ ወይም የዕድር ገንዘብ ሰብሳቢ ሆኖ የሰውን ገንዘብ በራሱ ሒሳብ የሚያስቀምጥ የኤስኤስአይ ተጠቃሚ ራሱን ለችግር ያጋልጣል፤ ገንዘቡ የማን እንደሆነ የማስረዳቱ ሸክም በእሱ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው መደበቅ አይደለም። የተደበቀ ነገር ሲገኝ የተከፈለው ሁሉ እንዲመለስ ይጠየቃል፤ ሲከፋም ክስ አለ። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ከጠበቃ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው።

አንድ መልካም ዜናም አለ። ልጅ ቤት የሚኖሩ እናት የልጃቸውን እንጀራ በመብላታቸው ብቻ ክፍያቸው ይቀነስ ነበር። ከመስከረም 30፣ 2024 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ምግብ አይቆጠርም። በነፃ የሚገኝ መኖሪያ ግን አሁንም ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከቤት ወጪው የድርሻቸውን የሚከፍሉ ከሆነ በጽሑፍ ይያዝ።

ሌላው የኤስኤስአይ ወጥመድ ጉዞ ነው። 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ ከቆዩ ክፍያው ይቆማል፤ እንዲመለስም ተመልሰው 30 ተከታታይ ቀን መቆየት አለብዎት። የገናና የጥምቀት ሰሞን አገር ቤት ሄደው ሁለት ወር የሚቆዩ እናቶች ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ደብዳቤ ይህ ነው። ኤስኤስዲአይ ለአሜሪካ ዜጋ ኢትዮጵያ ሆኖም ይከፈላል፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው ግን ከስድስት ወር በላይ ከመቆየቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

ግሪን ካርድ የያዙ ወላጆች

በዚህ ዙሪያ የማየው ትልቁ ቅሬታ የወላጆች ነው። ልጅ ዜጋ ይሆንና እናቱን በስፖንሰር ያመጣል። እናት 68 ዓመታቸው ነው፤ 65 ካለፉ ኤስኤስአይ የአካል ጉዳት ማስረጃ እንኳ አይጠይቅም። ግን ክሊንተን በነሐሴ 22፣ 1996 የፈረሙት ሕግ በመካከል ቆሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ በግሪን ካርድ የገባ ሰው፣ በሕጉ ከተለዩት ጥቂቶች በቀር፣ 5 ዓመት መቆየትና 40 ክሬዲት ማሟላት አለበት። በትዳር ዘመን የትዳር ጓደኛ ያገኘው ክሬዲት ይቆጠራል። ልጅ 18 ሳይሞላው ወላጆቹ የሠሩትም ለልጁ ይቆጠርለታል። የልጅ ክሬዲት ግን ለወላጅ አይቆጠርም። በዚያ ላይ የስፖንሰሩ ገቢ እንደ እናት ገቢ ይታያል።

ለእኚህ እናት መንገዱ ዜግነት ነው። 55 ዓመት የሞላውና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የቆየ ሰው ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይችላል። ሕመሙ መማርን ወይም ማስታወስን ለሚከለክለው ደግሞ ሐኪም የሚሞላው ኤን-648 የሚባል ቅጽ ከእንግሊዝኛውም ከታሪኩም ፈተና ነፃ ሊያደርግ ይችላል።

በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገቡ ሰዎች ሁኔታ ይለያል። 40 ክሬዲት አይጠየቁም፤ ግን የሚፈቀድላቸው ለ7 ዓመት ብቻ ነው። ሰባቱ ዓመት ሳያልቅ ዜግነት መጠየቅ ለእነሱ የዳቦ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ የፉድ ስታምፕና የሜዲኬይድን መስፈርት ለአንዳንድ ስደተኞች አጥብቦታል፤ የቆየ መረጃ ይዞ መቅረት አሁን ከወትሮው ይበልጥ ይጎዳል።

ልጁ ያልጠየቀው መብት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንዲት እናት አግኝቻለሁ። ልጃቸው 29 ዓመቱ ነው፤ በሦስት ዓመቱ ኦቲዝም እንዳለበት ታውቋል። ኤስኤስአይ የሚያገኘው ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ነው። (ከዚያ በፊት የወላጆቹ ገቢ ስለሚቆጠር አልተፈቀደለትም ነበር፤ 18 ሲሞላ የራሱ ብቻ ነው የሚታየው።) አባቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት አርፈዋል። 25 ዓመት ሆቴል ውስጥ ሠርተው ግብራቸውን የከፈሉ ሰው ነበሩ።

«ከአባቱ የሚደርሰው ነገር አለ ወይ ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም» አሉኝ። «እሱ ሠርቶ አያውቅማ። ምን ብዬ ልጠይቅ?»

አለው። አካል ጉዳቱ 22 ዓመት ሳይሞላው የጀመረ ልጅ፣ አባቱ ወይም እናቱ ጡረታ ሲወጡ፣ በዲሴቢሊቲ ሲሆኑ ወይም ሲሞቱ በእነሱ መዝገብ መቀበል ይችላል። ወላጁ በሕይወት ካለ እስከ ግማሹ፣ ከሞተ እስከ 75 በመቶው። ልጁ አንድ ቀን እንኳ ሠርቶ ማወቅ አይጠበቅበትም። የንብረት ጣሪያም የለበትም፣ ከ24 ወር በኋላም ሜዲኬር ይከተለዋል። በዚህ ክፍያ ምክንያት ኤስኤስአይው ቢቋረጥ እንኳ ሜዲኬይዱ እንዲቀጥል ሕጉ ልዩ ከለላ አለው። ጋብቻ ግን ክፍያውን ሊያቋርጠው ይችላል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ኤብል የሚባል የቁጠባ ሒሳብም ይከፈታል፤ በውስጡ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ያለው ለኤስኤስአይ አይቆጠርም። ጉዳቱ ከ26 ዓመት ዕድሜ በፊት ለጀመረ ብቻ የነበረው ይህ ሒሳብ ከጥር 1፣ 2026 ጀምሮ ከ46 ዓመት ዕድሜ በፊት ለጀመረ ሁሉ ይፈቀዳል።

ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውና ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 60 የሆነ አካል ጉዳተኞችም በሟች መዝገብ የሚጠይቁት አላቸው። ዕድር ከሠልስቱ በኋላ ለቤተሰቡ ገንዘብ ሲያስረክብ ይህንንም ቢነግር ትልቅ ውለታ ነው።

«ደህና ነኝ» ያለው መዝገብ

ወረቀቱ ተሟልቶ ጉዳዩ ወደ ሕክምናው ሲያልፍ የእኛ ሰው ጨዋነት ራሱን ይጎዳዋል። ሐኪም «እንዴት ነህ?» ሲል እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ብለን ነው የምንጀምረው። ሐኪሙ ያንን ይጽፋል። ከሦስት ወር በኋላ ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው የሚያነበው «ታካሚው ደህና እንደሆነ ገልጿል» የሚል መስመር ነው። ሐኪም ፊት ምስጋናውን ካደረሱ በኋላ ስንት ደቂቃ መቆም እንደሚችሉ፣ ስንት ኪሎ ማንሣት እንደሚያቅትዎ፣ ሌሊት ስንቴ እንደሚነቁ በቁጥር ይናገሩ። ይህ ማማረር አይደለም፤ ምስክርነት ነው።

የአእምሮ ሕመም ላይ ነገሩ ይብሳል። ቤተሰቡ ልጁን ይደብቃል፤ ጸበል ይወስደዋል፤ ወራት ያልፋሉ። ጸበል መሄድ ነውር የለውም፤ ግን በእነዚያ ወራት የሐኪም ክትትል ከሌለ መዝገቡ ላይ ባዶ ቦታ ይሆንና ተሽሎት ነው ተብሎ ይተረጎማል። ጸበሉም ሕክምናውም ጎን ለጎን ይሂድ፤ ክፍተት ካለም ምክንያቱ ይጻፍ።

አብዛኛው ማመልከቻ መጀመሪያ ላይ ይከለከላል። የእኛ ሰው ደብዳቤውን አይቶ ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይም ሌላ ማመልከቻ እንደ አዲስ ያስገባል። እንደ አዲስ መጀመር የመጀመሪያውን ቀን ማጣት ነው፤ መድኑ ለተቋረጠበት ሰው ደግሞ ሁሉንም ማጣት ሊሆን ይችላል። ይግባኝ የሚባለው ደብዳቤው ከደረሰ በ60 ቀን ውስጥ ነው። በመጀመሪያ ድጋሚ ግምገማ፣ ከዚያም ዳኛ ፊት መቅረብ አለ። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ጠበቆች በተለመደው አሠራር ካላሸነፉ አያስከፍሉም፤ ካሸነፉም ከተጠራቀመው ክፍያ 25 በመቶ፣ በ2025 መመዘኛ ቢበዛ 9,200 ዶላር ነው። ፎርም ለመሙላት ብቻ በጥሬ ገንዘብ ብዙ መቶ ዶላር የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት ይተውት።

ውሳኔው እስኪመጣ የሚያግዙ የየአካባቢው ድጋፎች አሉ። ዲሲ የሚኖር ሰው ኢንተሪም ዲሴቢሊቲ አሲስታንስ፣ ሜሪላንድ ያለ ደግሞ ቲዲኤፒ የሚባለውን ይጠይቅ። ዲሲ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ለሕመም እስከ 12 ሳምንት የሚከፈል ፈቃድ አለው። ሥራ ላይ የተጎዳ ተቀጣሪ የዎርከርስ ኮምፐንሴሽን ጥያቄውን ሳይዘገይ ያቅርብ። ቨርጂኒያ ላይ ልብ ይበሉ፦ እዚያ ኤስኤስአይ መፈቀዱ ብቻውን ሜዲኬይድ አያስገኝም፤ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል።

እንግዲህ እርስዎ ወይም ወላጅዎ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ካሉ ነገ ጠዋት ይደውሉ፤ 1-800-772-1213። መስመሩ ሲነሣ አማርኛ ይበሉ፤ አስተርጓሚው በነፃ ነው፤ ልጅዎን ከሥራ ማስቀረት አያስፈልግም። ለኤስኤስዲአይም ለኤስኤስአይም ማመልከት እፈልጋለሁ ይበሉ፤ የደወሉበት ቀን እንዲመዘገብልዎትም ይጠይቁ። ኤስኤስአይ ከማመልከቻው በፊት ላለፈ ጊዜ አይከፍልም። ያን ቀን ለመጠበቅ ሙሉ ማመልከቻው በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ የጎደለው የሐኪም ወረቀት ኋላም ይሟላል።